ጀልባዬን ሽጬ ጠላቂ ልሁን?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ስኩባ ዳይቪንግ ሥራ፣ ማለትም የታመቀ አየር የያዘ ታንክ አዝሎ ውሃ ውስጥ ስለ መጥለቅ። ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ቀይ ባሕር ላይ መጀመሪያ የጀልባ ረዳት፣ ቀጥሎ ዳይቭማስተር (የጠላቂዎች መሪ)፣ በኋላም ኢንስትራክተር (አሠልጣኝ) ሆኜ ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሰው ሲጠይቀኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? 23 ዓመቴ ነው። ከአባቴና ከአጎቴ ጋር በሞተር ጀልባ ቱሪስት ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ እናመላልሳለን። እንደሚያውቁት ሥራው ቀዝቅዟል። በቴሌግራም የተዋወቅሁት ሰው «ከዜሮ ተነስተህ በ3 ወር ኢንስትራክተር እናደርግሃለን፣ ሥራም እናስገባሃለን፣ የምትከፍለው 3,500 ዶላር ብቻ ነው» አለኝ። በጀልባዋ ላይ ያለኝን ድርሻ ለአጎቴ ሸጬ ልሂድ? ዋና እችላለሁ፣ ያደግሁት ጣና ላይ ነው። (የጀልባው ልጅ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ድርሻህን አትሽጥ። ሥራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ እኔ የምወደው ሥራ ነው። የተነገረህ ነገር ግን እውነት አይደለም።

በምን አወቅህ ካልከኝ ከደንቡ ነው። በዓለም ላይ በሰፊው የሚታወቀው የዳይቪንግ ሥልጠና ድርጅት ፓዲ ይባላል፤ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመ ነው። በእሱ ደንብ ኢንስትራክተር ለመሆን የሚፈተን ሰው የመጀመሪያውን የጠላቂነት ሰርተፊኬት ካገኘ ቢያንስ 6 ወር ሊሞላው ይገባል። 100 ጊዜ የጠለቀበት መዝገብም ሊኖረው ይገባል። አንተ ገና አንድ ቀን እንኳ አልጠለቅህም። ታዲያ ሰውየው 3ቱን ወር ከየት አመጣው? ወይ ሥራውን አያውቀውም፣ ወይ እያወቀ ሊበላህ ነው። በሁለቱም መንገድ የአባትህን ጀልባ የሚያህል ነገር አይሰጠውም።

መንገዱን በአጭሩ ልንገርህ። መጀመሪያ ኦፕን ወተር የሚባለው አለ። 3 ወይም 4 ቀን ይፈጃል፤ ገንዳ ውስጥ ትለማመዳለህ፣ ከዚያ ባሕር ላይ 4 ጊዜ ትጠልቃለህ፣ እስከ 18 ሜትር መውረድም ይፈቀድልሃል። ቀጥሎ አድቫንስድ ነው፤ እሱ እስከ 30 ሜትር ያደርስሃል። ከዚያ ሬስኪዩ አለ፤ ሰው የማዳን ትምህርት ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። እስከዚህ ያለውን ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰውም ይማረዋል፤ እንጀራ አይሆንም። የሥራው በር ዳይቭማስተር ነው። 18 ዓመት ሊሞላህ፣ ለመጀመር 40 ጊዜ፣ ለመጨረስ 60 ጊዜ ጠልቀህ ሊሆን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናና ሐኪም የፈረመበት የጤና ማረጋገጫም ሊኖርህ ይገባል። ዳይቭማስተር ሰርተፊኬት ያላቸውን እንግዶች ይመራል፣ ኢንስትራክተሩን ያግዛል፤ አዲስ ሰው አሠልጥኖ ሰርተፊኬት መስጠት ግን የኢንስትራክተሩ ነው። ኤስኤስአይን የመሰሉ ሌሎች ድርጅቶችም አሉ። የደረጃው ስምና ቁጥሩ ትንሽ ይለያያል እንጂ መንገዱ ያው ነው።

አሁን «ጣና ላይ ነው ያደግሁት» ወዳልከው ልምጣ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር የሄድኩት። ለዳይቭማስተር 400 ሜትር ያለ ምንም መሣሪያ ትዋኛለህ፤ በሰዓት ይለካል፣ ነጥብ ይሰጥበታል። 800 ሜትር በማስክ (ዓይንና አፍንጫ በሚሸፍን መስታወት) እና በፊን (እግር ላይ በሚጠለቅ መቅዘፊያ) ፊትህን ውሃ ውስጥ እንደደፋህ ትሄዳለህ። ሙሉ ዕቃውን የለበሰ የደከመ ጠላቂ 100 ሜትር ትጎትታለህ። 15 ደቂቃ ባለህበት ትንሳፈፋለህ፤ የመጨረሻዎቹን 2 ደቂቃዎች እጆችህን ከውሃው በላይ አውጥተህ። የጣና ልጅ አብዛኛው የሚዋኘው አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከጀልባ እስከ ጀልባ፣ ከዳር እስከ ድንጋይ ነው። ለዚያ ይበቃል፤ ለ400 ሜትር ግን አይበቃም። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው 250 ሜትር ላይ ትንፋሼ አለቀ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ። ስለዚህ ዶላር ሳታወጣ በፊት ከተማችን ካሉት ሆቴሎች አንዱ ገንዳ ገብተህ፣ በሳምንት 3 ጠዋት፣ ፊትህን ደፍተህ መተንፈስን ተማር። 400 ሜትሩን ሳታርፍ ስትጨርሰው ያኔ ግማሹን መንገድ ሄደሃል ማለት ነው።

ሌላው ጆሮህ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂድና ጆሮህንና ሳይነስህን አስመርምር። ውሃ ውስጥ 10 ሜትር ስትወርድ የሚጫንህ ግፊት ባሕሩ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። ጆሮህ ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ታምቡሩም ወደ ውስጥ ይሳባል። አፍንጫህን ይዘህ ቀስ ብለህ እየነፋህ በየሜትሩ ማስተካከል አለብህ። እምቢ ካለህ ትንሽ ከፍ ትላለህ እንጂ በጉልበት አትወርድም። እኔ ጉንፋን ይዞኝ፣ የቀኑ ገቢ እንዳይቀርብኝ ብዬ ወረድኩ። 6 ሜትር ላይ ጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ጠሽ አለ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ሲፈስ ተሰማኝ፣ ዓለም ዞረችብኝ። ታምቡሬ ተቀዶ ነበር። 6 ሳምንት ውሃ አልነካሁም፣ 6 ሳምንት አልተከፈለኝም። በዚህ ሥራ ጆሮ ማለት ለሾፌር ዓይን ማለት ነው።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? ቪዲዮ ላይ የምታየው ዓሣና ኮራል ከቀኑ ትንሹ ክፍል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የአየር ታንኮቹ ጋ ነህ። አንዱ ሲሞላ ከ15 ኪሎ በላይ ነው፣ ለ12 እንግዳ ሁለት ሁለቱን ቁጠረው። አንድ በአንድ ግፊቱን ትለካለህ፤ 200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ መሆን አለበት። ከቫልቩ ትንሽ አየር ለቀህ ታሸትታለህ፤ ዘይት ዘይት የሚል ከሆነ ያ ታንክ ወደ ጀልባው አይገባም። የእንግዶቹን የጤና ቅጽ ታነባለህ። ፊን ያንሰኛል፣ ይበዛኛል የሚለውን ታስተናግዳለህ። ጀልባው ላይ ያስታወካቸውን ትይዛለህ። ከመጥለቅህ በፊት ሰው ትቆጥራለህ፣ ከወጣህ በኋላ ትቆጥራለህ፣ ጀልባው ከመነሳቱ በፊት እንደገና ትቆጥራለህ። ማታ ሁሉንም ዕቃ በንጹሕ ውሃ አጥበህ ትሰቅላለህ፣ ታንኮቹን መልሰህ ትሞላለህ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚከፈልህ ሰው ሲፈራ አብረኸው እንድትቆይ ነው። አንዲት እናት አልረሳም፤ 60 ዓመት አልፏቸዋል። 2 ሜትር እንኳ ሳንወርድ የእጄን አንጓ ጨብጠው ያዙ፤ ጥፍራቸው በዌትሱቱ፣ በመጥለቂያ ልብሴ ላይ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። በማስኩ መስታወት ዓይናቸው ፈጥጧል፣ አረፋው ያለማቋረጥ ይንፎለፎላል። ወደ ላይም ወደ ታችም አላልኩም። መዳፌን ፊታቸው ላይ ዘርግቼ ቀስ እያልኩ ከፍ ዝቅ አደረግሁት፤ ከፍ ሲል ሳቡ፣ ዝቅ ሲል ልቀቁ ማለቴ ነው። ደቂቃዎች አለፉ። አረፋው ረጋ፣ ጣቶቻቸውም አንድ በአንድ ላሉ። የዚያን ቀን ሌላ ቦታ አልሄድንም፣ አንድም ዓሣ አላሳየኋቸውም። ጀልባው ላይ ወጥተው አቅፈውኝ አለቀሱ።

አንተ ይህን ታውቀዋለህ። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነስቶ ጣና ሲናወጥ፣ ፈረንጁ የጀልባዋን ጠርዝ ሁለት እጁን ይዞ ፊቱ ሲገረጣ ምን እንደምትለው፣ የት እንደምታስቀምጠው፣ ሞተሩን እንዴት እንደምታበርደው ታውቃለህ። ያን የትኛውም ፓኬጅ አይሸጥልህም። ሞተር ፈትተህ የምትገጥም ከሆነ ደግሞ የዳይቪንግ ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከሰርተፊኬትህ በፊት እሱን ነው የሚጠይቁህ።

ስለዚህ የምመክርህ እንዲህ ነው። ድርሻህ ይቀመጥ። ከምታገኘው ላይ ቆጥበህ ለኦፕን ወተር ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ያዝ። ጅቡቲ ቅርባችን ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ላይ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ስለሚመጣ እንግዳም ሥራም ያኔ አለ። ኬንያ ዲያኒና ዋታሙ አሉልህ፤ እዚያ በእንግሊዝኛ ትግባባለህ። ግብፅ ሁርጋዳ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፣ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው፤ ጀርመንኛና ራሽያኛ የሚናገር ሰው ይመረጣል። የኦፕን ወተሩን አራት ጊዜ መጥለቅ ጨርሰህ አሁንም ልብህ እዚያው ከሆነ፣ በጀልባ ረዳትነት ሥራ ጠይቅና ቀሪውን እየሠራህ ቀጥል። እኔ እንደዚያ ነው የሄድኩት። ረጅም ነው፣ ግን ዕዳ የለበትም።

እየሠራህ ተማር ስልህ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። እኔ በአንድ የዳይቪንግ ማዕከል ለ5 ወር ታንክ ተሸክሜአለሁ፤ ደመወዝ የለም፣ በምትኩ ዳይቭማስተር እናደርግሃለን ተብዬ። ወረቀት አልነበረንም። 5ኛው ወር ሲያልቅ «የእንግዳው ወቅት አለፈ፣ ለሚቀጥለው ና» አሉኝ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። አንተ ግን ስንት ወር እንደምትሠራ፣ በምትኩ የትኛውን ሰርተፊኬት እንደምታገኝ፣ የመጽሐፍና የምዝገባ ክፍያው በማን እንደሆነ፣ የት እንደምታድር አስጽፍና አስፈርም። የማዕከሉንም የኢንስትራክተሩንም መለያ ቁጥር ተቀብለህ በሥልጠና ድርጅቱ ድረ ገጽ አጣራ። በቱሪስት ቪዛ ሥራ አትግባ፣ ፓስፖርትህን ለማንም አትስጥ። ገንዘቡን በተመለከተ መነሻ ደመወዙ ትንሽ ነው። ኑሮ የሚደጎመው ካሠለጠንከው ሰው ቁጥር በሚገኝ ኮሚሽንና በጉርሻ ነው። ከዚያ ላይ በየዓመቱ የአባልነት ክፍያና ኢንሹራንስ ትከፍላለህ። እንግዳ የማይመጣባቸው ወራት አሉ። ያኔ ነው እንግዲህ የጀልባዋ ድርሻ የሚያስፈልግህ።

አንዲት ነገር ልጨምር፣ ለእኛ ለደገኞች የግድ ስለሆነች። ስትጠልቅ ከምትተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ደምህ ውስጥ ይገባል። ግፊቱ ሲቀንስ ቀስ ብሎ ካልወጣ፣ አምቦ ውሃ ክዳኑ ሲከፈት እንደሚያደርገው ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ይሠራል። ለዚህ ነው ጠልቀው ወዲያው አውሮፕላን የማይሳፈሩት፤ አንድ ጊዜ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ብዙ ሰው «እኔ በመኪና ነው የምሄደው» ብሎ ይዘናጋል። በዳይቪንግ ደንብ ከ300 ሜትር በላይ የሆነ ሁሉ ከፍታ ነው። ከጅቡቲ ተነስተህ ድሬዳዋ ስትደርስ 1,200 ሜትር፣ አዲስ አበባ ስትደርስ ከ2,300 ሜትር በላይ ነህ። በባቡር ሂድ፣ በአይሱዙ ሂድ፣ ለሰውነትህ ያው መውጣት ነው። ጠዋት ጠልቀህ ማታ አትነሳ። እኔ ሁልጊዜ ሙሉ ቀን አድሬ ነው የምነሳው።

ጥያቄ፦ ልጄ 19 ዓመቷ ነው፤ የቱሪዝም ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። ክረምቱን ኬንያ አክስቷ ጋ ሄዳ ባሕር ውስጥ መጥለቅ ተምራ መጣች። አሁን ሥራዬ ይሄ ነው፣ ትምህርቱን ላቋርጥ ትላለች። እኔ ውሃ እፈራለሁ፤ ወንድሜን ጣና ወስዶብኛል። ደግሞ ጾም የምትጾም ልጅ ናት። እሺ ልበላት ወይስ እምቢ? (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እትዬ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ወንድሙን ውሃ የወሰደበት ሰው ልጁን ውሃ ውስጥ ሲያስባት ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። እናቴም እኔ በሄድኩ ጊዜ ሁለት ዓመት ሙሉ የሐይቁን ዳር መንገድ ትታ ዞራ ነበር ገበያ የምትሄደው።

አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። አለው። ልዩነቱ አደጋው ስሙና መንገዱ የታወቀ መሆኑ ነው። ትልቁ ደንብ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። ከታች የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጡ ይለጠጣል፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው ሳንባውን ይጎዳል። ቀጥሎ ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆሞ ማረፍም የተለመደ ነው። ብቻን አለመጥለቅ፣ ሕመም ይዞ አለመውረድ፣ ከተፈቀደ ጥልቀት አለማለፍ። ማታ ስትደውልልዎት «ዛሬ ስንት ሜትር ወረድሽ? ከማን ጋር? ስንት ባር ይዘሽ ወጣሽ?» ብለው ይጠይቋት። ታንኳ ውስጥ ቢያንስ 50 ባር አየር እንደቀረ መውጣት እንዳለባት እርስዎም ይወቁት። የምትጠየቅ ልጅ ትጠነቀቃለች፤ እርስዎም ከጨለማ ፍርሃት ወደሚታወቅ ነገር ይመጣሉ።

ጾሙን መጠየቅዎ በጣም ጥሩ ነው፤ ሌላ ሰው አያነሳውም። ችግሩ ከምግቡ ይልቅ ውሃው ነው። የውሃ ጥም ያለበት ሰውነት ናይትሮጅኑን በደንብ አያስወጣም ተብሎ ይታመናል፣ ስለዚህ ጠላቂ ከመግባቱ በፊት ውሃ እንዲጠጣ ሁሌም ይነገረዋል። እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ በዚያ ሙቀት ታንክ ተሸክሞ መጥለቅ አይሆንም። ከንስሐ አባቷ ጋር ቀድማ ትነጋገር፤ በሥራ ቀን እንዴት እንደምትጾም እሳቸው ይንገሯት። ቅበላው ሳይገባ ለአሠሪዋም ትንገር፤ በእነዚያ ቀናት ቢሮ ወይም ጀልባ ላይ መመደብ ይቻላል። እኔ ሑዳዴን እንደዚያ ነበር የማሳልፈው።

ትምህርቷን ግን አታቋርጥ። ይሄን ጠንከር ብዬ ነው የምለው። የሚጠልቅ ሰው ሞልቷል፤ ጠልቆ ወጥቶ የእንግዳ ምዝገባ የሚይዝ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ለቅሬታ ኢሜይል መልስ የሚጽፍ ሰው ግን የለም። ማዕከል የምትመራዋ እሷ ትሆናለች። ጀርባና ጉልበት ደግሞ ለዘለዓለም ታንክ አይሸከሙም፤ 40 ዓመት ሲጠጋ ሁሉም ወደ ጠረጴዛው ይመጣል፣ እሷ ወረቀቱን ይዛ ትመጣለች። ስለዚህ «እምቢ» አይበሏት። «ክረምት ክረምት ሂጂ፣ ዲግሪሽን ይዘሽ ግቢ» ይበሏት። እስከዚያ ሬስኪዩ ድረስ መድረስ ትችላለች።

ሥራ ስትይዝ ግን የማደሪያው ነገር በውል ላይ ይጻፍ። ብዙ ቦታ ሠራተኛ በጋራ ክፍል ያድራል፤ ለሴት ልጅ የራሷ ቁልፍ ያለው ክፍል መሆኑን ሳታረጋግጥ አትፈርም።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ፣ ይከለክለኛል? ደግሞ ኦክስጅኑ ውሃ ውስጥ ታች ቢያልቅስ? የውሃ ውስጥ ብየዳ ጥሩ ይከፍላል ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሱንስ በዚህ ሰርተፊኬት መሥራት ይቻላል? (ሦስት ጥያቄ ያለኝ፣ ከቀበሌ 14)

መልስ፦ መነጽር አይከለክልም። የዓይንህ ቁጥር ያለበት ማስክ ይሠራል። ታንኩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይደለም፣ ይሄው የምንተነፍሰው አየር ተጨምቆ ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን እንዲያውም ጥቂት ሜትር ወረድ ሲሉበት መርዝ ይሆናል። አየሩ ድንገት አያልቅም፣ መለኪያው ፊት ለፊትህ ነው፤ ካለቀም ጓደኛህ ለአንተ የሚሆን ተጨማሪ መተንፈሻ ይዟል፣ ከመጀመሪያው ቀን የምትለማመደውም እሱን ነው። ብየዳው ግን ሌላ ሙያ ነው፤ የራሱ ረጅም ትምህርትና ፈቃድ አለው። በመዝናኛ ሰርተፊኬት ብየዳ ልሥራ ብሎ የሚገባ ሰው ሕይወቱን ነው የሚያስይዘው።

ጥያቄ፦ ጎርጎራ ነው ያለሁት። ቱሪስት ሲመጣ ከጀልባና ከገዳም ሌላ የሚሠራ ነገር ይፈልጋል። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ተደራጅተን ጣና ላይ የስኩባ ማዕከል ብንከፍትስ? ባሕር ማዶ ከመሰደድ አይሻልም? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ ሐሳብህን ወደድኩት፣ ልብህንም ወደድኩት። ግን አይሆንም፣ ምክንያቱን ደግሞ በደንብ ልንገርህ።

ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። እሱ ባልከፋ። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የደጋውን አፈር ይዘው ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ክረምት ሊወጣ ሲል፣ ከጀልባ ወድቆ የጠፋ የሞተር ክፍል ልፈልግ ገብቼ ነበር። ክንዴን ስዘረጋ ክርኔ ድረስ አየሁት፣ ጣቶቼ ግን የሉም። ሻይ በወተት ውስጥ እንደገባህ ነው። ታች እጄን ስሰድ ጭቃው እስከ አንጓዬ ዋጠኝ። እንግዳ ለዚህ ገንዘብ አይከፍልም፤ ከፍሎ ቢገባ ደግሞ አጠገብህ ያለውን ሰው ማየት ካልቻልክ እንዴት ትጠብቀዋለህ? ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉማሬ አለ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. መታየት የጀመረው እምቦጭ ደግሞ በእናንተ በሰሜኑ ዳርቻ ነው የበረታው፣ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።

ከፍታውም አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ጣና ላይ 10 ሜትር የወረደ ሰው ሒሳቡን የሚያስበው ባሕር ላይ 12 ሜትር እንደወረደ አድርጎ ነው። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው ሰንጠረዥ ሁሉ ይቀየራል፣ ለከፍታ የተለየ ሥልጠና ይፈልጋል። አንድ ሰው ቢጎዳብህ የግፊት ሕክምና የሚሰጥ ክፍል የት እንደምታደርሰው መልስ ሳይኖርህ ማዕከል መክፈት አይቻልም።

ጣና ላይ ሥራ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ጣና የሚያስፈልገው ሰው የሚያወጣ ሰው ነው። ጀልባ ሲገለበጥ፣ የዓሣ አስጋሪው ታንኳ ንፋስ ሲመታው፣ ልጆች ሲዋኙ አንዱ ሲቀር የሚሆነውን አይተሃል። ሰው ይሰበሰባል፣ ዋናተኛ ነኝ ያለ ዘሎ ይገባል፣ አንዳንዴ የገባውም አይወጣም። እየሰጠመ ያለ ሰው የያዘውን አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚማሩት አለመግባትን ነው፤ ከዳር ሆኖ መዘርጋት፣ መወርወር፣ በጀልባ መድረስ፣ መዋኘት ግን የመጨረሻው። ይሄን ያወቁ ሦስት ወጣቶች ላይፍ ጃኬት በልካቸው ይዘው፣ ካያክም ሆነ ጀልባ ቢያከራዩ፣ ሪዞርትም ሆነ ሆቴል ይፈልጋቸዋል። እንግዳውም ይጠይቃል፤ ፈረንጅ ጀልባ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያየው ላይፍ ጃኬቱን ነው፣ የተቀደደ ከሆነ ይመለሳል። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ውሰዱ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር የማሪታይም ማሠልጠኛ አለ፣ የሚያሠለጥነው የመርከብ ሰዎችን ነው እንጂ ጠላቂ አይደለም፣ ግን ስለ ባሕር ላይ ደህንነት የሚያውቁ ሰዎች እዚያ ስላሉ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ከሦስታችሁ አንዱ ባሕር ሄዶ ሬስኪዩ ድረስ ተምሮ ቢመለስ ደግሞ ለአገሩ ትልቅ ነገር ነው።

እስከዚያ ድረስ ዛሬ የሚጀመር ነገር አለ። 15 ሜትር ገመድና ባለ 5 ሊትር ባዶ ጄሪካን ፈልጉ። ጄሪካኑ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ያህል ውሃ አድርጉበት፣ ያ ለመወርወር ክብደት ይሰጠዋል፤ ክዳኑን አጥብቁ፣ ገመዱን እጀታው ላይ ቋጥሩት። ከሰውየው ራስ አሳልፋችሁ ወርውሩና ወደ እሱ ሳቡት እንጂ ፊቱ ላይ አትጣሉት። በቀን 20 ጊዜ፣ ከጀልባ ማረፊያው ጫፍ ሆናችሁ ተለማመዱ። ከፋሲካ በኋላ ወደ ጎርጎራ መምጣቴ አይቀርም፤ ጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ማረፊያው ላይ እንገናኝ፣ እኔም ገመዴን ይዤ እመጣለሁ።